የመስተዋት ኳስና አንዲት መብራት

የመስተዋት ኳስ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ጭፈራ ቤት ነው። ስሙም «የዲስኮ ኳስ» ሆኖ ቀርቷል። ዕቃው ግን ከዲስኮ በዕድሜ በእጅጉ ይበልጣል። በአሜሪካን አገር በሲንሲናቲ ከተማ የፈጠራ መብት የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በ1927 ስለ በርሊን ከተማ በተሠራው ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ውስጥም ይታያል። ዲስኮ የራሱ ያደረገው ከዚያ 50 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። የእኛ አገር ትልቅ ሰው ዕቃውን በጥርጣሬ ቢያየው ግን አይፈረድበትም። በደርግ ዘመን፣ ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት፣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሥር ነበረች፤ የዳንስ አዳራሽ ወሬ ለወላጅ ጆሮ ደስ የሚል አልነበረም።

እኛም የተፈተንነው በዚሁ ነው። ለማስተማር ልምምድ ወረታ በወጣን ጊዜ ለተማሪዎቹና ለወላጆቻቸው የመሰናበቻ ምሽት ለማዘጋጀት ተነሳን። መድረኩን በምን እናሳምረው ሲባል የመስተዋት ኳስ እንስቀል አልን። አብረውን የነበሩት መምህር ፊታቸው ተለወጠ። «ልጆቼ፣ ይኼ እኮ የአስረሽ ምቺው ዕቃ ነው! ወላጅ ምን ይለናል?» አሉን። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ሸጦ ልጁን የሚያስተምረው ለዳንኪራ አይደለም፤ ገና ሳንመረቅ ስማችን ከጠፋ ደግሞ ማን ያቃናልናል? በመጨረሻ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። መጀመሪያ ቀን ላይ ትምህርት እናስተምርበታለን፤ እሳቸው አይተው ካልፈቀዱ ማታ አይሰቀልም።

ኳሱን የሠራነው ከቅል ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድቡልቡል ቅል ከገበያ ገዛን። መስተዋት ቆራጩ ደግሞ የሚጥለውን ስብርባሪ በአልማዙ 2 ሳንቲ ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር አድርጎ፣ እየሳቀብን ቆረጠልን። 300 ያህል ቁራጭ በማስቲሽ ለጠፍን። ሁለት ማታ ፈጀብን፤ ጣታችንም ተቆራርጧል። ጓንት አድርጉ።

ትምህርቱ የተሰጠው በፀሐይ ነው፣ መብራት አላስፈለገንም። የክፍሉን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን፣ አንድ ተማሪ ሰፋ ያለ መስተዋት ይዞ ደጅ ቆመና የፀሐይዋን ጨረር በበሩ አሳልፎ ቅሉ ላይ ጣለው። ወደ ጨረሩ ፊት እንዳይዞሩ አስቀድመን አስጠንቅቀን ነበር። ክፍሉ በአንድ ጊዜ በብርሃን ነጠብጣብ ተሞላ። ልጆቹ ጮኹ፤ እኛም ጮኽን፣ ምን ይደበቃል።

ጩኸቱ ሲበርድ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መስተዋቱ አራት ማዕዘን ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ለምን ክብ ሆነ?» አለች። ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የትኛውም መጽሐፍ አያወጣም። ወረቀት ወስደን ወደ ኳሱ አስጠጋነው። ከቅርብ ሲሆን ብርሃኑ አራት ማዕዘን ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ጠርዙ እየደበዘዘ ይከባል። ለካ እያንዳንዷ ቁራጭ ግድግዳው ላይ የምትሥለው የፀሐይን መልክ ነው! ፀሐይ ከእኛ ስትታይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ስላላት፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ርቀት መልኳ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ዛፍ ጥላ ሥር የምናያቸው ክብ ክብ ብርሃኖችም እነዚሁ ናቸው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ በያዘችበት ጠዋት ኳሳችን ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ወረታ ላይ ግድግዳው ሙሉ የማጭድ ቅርጽ ይሆን ነበር። ይቺን ስንነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ቀጥሎ ኳሱን አዞርነው። መስተዋት አንድ ዲግሪ ሲዞር የሚመልሰው ጨረር ሁለት ዲግሪ ይዞራል፤ ምክንያቱም ጨረሩ በገባበት ማዕዘን ልክ ስለሚመለስ ለውጡ በመግባቱም በመውጣቱም ይቆጠራል። ስለዚህ ኳሱ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ቢዞር እንኳ 5 ሜትር የራቀ ግድግዳ ላይ ያለው ነጥብ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ ሦስት ዙር ሲሆን 3 ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ራስ ያዞራል። ይህን ስንናገር መምህራችን ከኋላ ተነስተው መጡ። ጠመኔውን ከእጃችን ወሰዱና ግድግዳው ላይ ምልክት እያደረጉ ልጆቹን በሰዓት ያስለኩ ጀመር። ደወሉ ከተደወለ በኋላም አላቆሙም። ሲወጡ ያሉን ይህን ብቻ ነው፦ «ማታ ቀስ ብሎ ይዙር።»

አሁን ስለ ማታው። በየአዳራሹ እንደምናየው፣ ኳሱ ተሰቅሎ ዙሪያውን አምስት ዓይነት ቀለም ያለው መብራት ይበራል፤ ጣሪያው ላይም ነጩ ነዶ ያድራል። ያኔ ኳሱ የተሰቀለ ድስት ነው። ኳስ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚፈልገው ጨለማና ኳሱን ብቻ የምትመታ አንዲት ጠባብ ጨረር ነው። ባለሙያዎች ለዚሁ የሚጠቀሙባት የታወቀች አምፖል አለች። 6 ቮልት፣ 30 ዋት ናት፤ 5 አምፔር ትስባለች፤ ዝርያዋ ከተሽከርካሪና ከትራክተር መብራት ነው። እኛ ይህን ይዘን ባጃጅ ሾፌር ዘንድ ሄድን። 12 ቮልት፣ 35 ዋት፣ ወደ 3 አምፔር የምትስብ የፊት መብራት ከነባትሪዋ አዋሰን። ጨረሯ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ጫፉ የተከፈተ፣ ውስጡ በጥላሸት የጠቆረ የወተት ዱቄት ጣሳ ፊቷ ላይ ገጠምን። ካርቶን አይሆንም፣ ይቃጠላል። ከኳሱ አልፎ የሚሄደው ትርፍ ብርሃን ግድግዳውን እያነጣ ነጥቦቹን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ጣሳው እስኪበቃው ማራዘም ነው። መብራቷን ከተመልካቹ ዓይን ውጪ፣ ከጎንና ከታች አስቀመጥናት። ኳሱ በጠንካራ ሽቦ ተሰቀለ። ሁለተኛ የመጠባበቂያ ሽቦም ታሰረለት፤ ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀል ነገር በአንድ ሽቦ አይታመንም። የሚያዞረው ከመጋረጃ ኋላ መሰላል ላይ የተቀመጠ ጓደኛችን ነበር፣ በልቡ እየቆጠረ።

ተውኔቱ እኩል ሲሆን መብራት ሄደ። አዳራሹ ጨለመ፣ ማይክራፎኑም ዝም አለ። የባጃጇ መብራት ግን በባትሪ ናትና አልጠፋችም። እንዲያውም ያኔ ነው ኳሱ የታየው! ዘፋኞቻችን ያለ ማይክራፎን ቀጠሉ፣ ወላጆችም በጭብጨባ ተቀበሏቸው። አንድ አባት ጋቢያቸው ላይ የሚሄደውን ነጥብ በእጃቸው እየተከተሉ «ይኼማ ነሐሴ ላይ ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ የሩዝ ማሳችን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ፣ ከወረታ መንገድ ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ዓመቱ ከከፋ ግን ያው ውሃ ቤት ያፈርሳል፤ እሳቸውም ይህን አልረሱትም፣ ወዲያው ስለ ጎርፉ ማውራት ጀመሩ።

ቅሉ አሁን ከእኛ ጋር ነው፤ ዘንድሮ ለልምምድ የምትወጡ ጓዶች ልትወስዱት ትችላላችሁ። በመኪና ስናመጣው ስድስት ቁራጭ ረግፏልና ማስቲሽ ይዛችሁ ኑ። የወተት ጣሳው ግን የለም፤ ባጃጅ ሾፌሩ ወዶት እዚያው ቀረ።