የጣት ሕመም የትጋት ምልክት አይደለም

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ እጃችን ላውራ።

ክራር ወይም ማሲንቆ መማር የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ቻለው፣ ይለመዳል» የሚለው ነው። ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ግማሽ ነው።

እውነቱ ይህ ነው፦ የጣት ጫፍ በክር ሲፈተግ መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቆዳው ይደድራል፣ ሕመሙም ይተዋል። ሁላችንም አልፈንበታል። ከአውራ ጣት ሥር ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወጣ ውጋት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መደንዘዝ፣ ጠዋት ሲኒ ለማንሳት የሚያስቸግር ድካም ግን አይለመድም። ጅማት እንደ ቆዳ አይደድርም። ሲበዛበት ይቆጣል፣ ካላረፈም ይብስበታል።

ክራር ትማር የነበረች አንዲት ልጅ አውቃለሁ። አንጓዋ እያበጠ ለወራት ተጫወተች፤ «አመመኝ» ስትል «ሰነፍ» ተባለች። ዛሬ ክራሯ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅቷ ሰነፍ አልነበረችም።

ይህ በዓለም ታላላቆችም ላይ ደርሷል። አሜሪካዊው ፒያኖ ተጫዋች ሊዮን ፍላይሸር እ.ኤ.አ. በ1964 የቀኝ እጁ ጣቶች ያለ ፈቃዱ ይታጠፉ ጀመር። በሁለት እጁ በደንብ ወደ መጫወት ለመመለስ 30 ዓመት ገደማ ፈጀበት። እስከዚያው በግራ እጁ ብቻ ተጫወተ፣ አስተማረ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኛ እንጅባራዎች መጀመሪያ ብርዱን እናስብ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጣት ቆርፍዶ ነው የሚነሳው። የቀዘቀዘ ጣት አይታዘዝም፣ ሰውም ሳያስበው አጥብቆ ይጫናል። እኔ ክራር ከማንሳቴ በፊት እጄን ለብ ባለ ውኃ አሞቃለሁ፤ ቡና እየተፈላ ከሆነም ከከሰሉ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝግ ያለ ትዝታ፣ ፈጣኑ ኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ አትጭመቁ። ክራር ስንገርፍ የግራ እጃችን ሥራ የማይፈለጉትን ክሮች ማፈን ነው። ለማፈን መንካት ይበቃል። ማሲንቆማ ከጭራው በታች ጣት የሚያርፍበት እንጨት እንኳ የለውም፤ ጭራውን ከአንገቱ ጋር ለማጣበቅ የሚታገል ሰው በከንቱ ይደክማል።

ሦስተኛ፣ ልምምዱን ከፋፍሉት። ሁለት ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ከመጫወት በየ25 ደቂቃው እጅን አውርዶ ማራገፍ ይሻላል። ሠርግ ወይም በዓል ደረሰ ብሎ የልምምዱን ሰዓት በአንድ ሳምንት እጥፍ ማድረግ ደግሞ ሕመም መጥራት ነው።

አራተኛ፣ የሚያም ነገር ካለ አቁሙ። ጥቂት ቀን አርፋችሁ ካልተሻላችሁ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ ሐኪም ይየው። ወጌሻ አንጓውን ሲጠመዝዘው ይባስ የተጎዳ ሰው አይቻለሁ።

ለአስተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ፦ ተማሪ «አመመኝ» ሲል «የት ጋ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጣቱ ጫፍ ከሆነ አበረታቱት። አንጓው ወይም ክንዱ ከሆነ ክራሩን ተቀበሉት።

አገራችን የፈረሰኛ አገር ነው። አዊ ውስጥ ፈረሱ እያነከሰ የሚጋልብ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጀግና የሚለው የለም። እንጀራው በጣቱ ላይ ያለ ተጫዋች ለእጁ ከፈረስ ያነሰ ሊታዘንለት አይገባም።

እጃችሁን ያቆይላችሁ።