“ማን ነው የሚያጽፍህ?” ሦስት ቀን በደቅ ደሴት

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ የሚወስደው የውኃ መንገድ እንደ ጀልባው ጉልበት ይረዝማል፤ ያጥራልም። ፈጠን ያለች የሞተር ጀልባ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ታደርሳለች። ሰውና እህል ጭኖ፣ በየወደቡ እየቆመ የሚያዘግመው ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። የጣናን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች በጠዋት መነሣትን ይመክራሉ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይበረታል፤ ማለዳ እንደ መስተዋት ተኝቶ የነበረው ውኃም ይናወጣል። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ባለጀልባዎቹን መጠየቅም ተገቢ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። በውስጡ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከሁሉም ሰፊዋ ደቅ ናት፤ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሆናለች። ከአጠገቧ ጉብ ብላ የምትታየው ዳጋ፣ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲል አጽም አርፎባታል የሚባለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም መገኛ ናት። ወደዚያ ሴቶች አይገቡም። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ለወንዱም ለሴቱም ክፍት ነው።

እኔ ወደ ደቅ የሄድኩት ገዳማቱን ለማየት ብቻ አልነበረም። በቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ገና ከግማሹ ያላለፈ የልብ ወለድ ረቂቅ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት 2፡30 ገብቼ ማታ 11፡30 እወጣለሁ። ቤት ስደርስ ሁለት ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። እነሱ ከተኙ በኋላ ብዕር ባነሣም ገጸ ባሕርዮቼ ከእኔ ቀድመው ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ መጽሐፉን ልጨርስ የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ባለቤቴ ሐሳቡን ስትሰማ አልተቆጣችም። ወረቀት አምጥታ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤፍ፣ ዘይት፣ ትራንስፖርት እያለች ደመረች። ከዚያ “ሂድና ረጋ ብለህ አስብበት፤ እኔም አስብበታለሁ” አለችኝ። የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ጀልባ ተሳፈርኩ።

ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን ጸጥታ ይታየናል። ደቅ ላይ ያደረ ሰው ግን ጸጥታን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ገና ሳይነጋ የቅዳሴ ደወል ይሰማል። ዶሮ ይጮኻል፤ ከብት ያገሳል፤ ሕፃን ያለቅሳል። ከደንገል የተሠራች ታንኳቸውን የያዙ ዓሣ አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ ለማንሣት ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ቀረሶ ወይም አምባዛ ይዘው የሚመለሱት ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ነው። ጥቂት ቆይቶ ያው ዓሣ አጥማጅ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ወደ ማሳው ሲሄድ ታዩታላችሁ። እሑድና በዓል ሲሆን ደግሞ ከእነሱ አንዳንዱን ጥምጥም አድርጎ፣ ጸናጽል ይዞ ከማኅሌቱ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንድ ሰው ሦስት ሥራ አለው። ይህን እንደ ችግር ቆጥሮ ሲያወራ የሰማሁት ግን የለም።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከዋርካ ሥር ተቀምጬ ስጽፍ አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆም ብለው አዩኝ። ጉልበት ስሜ ከተባረክሁ በኋላ ጠየቁኝ።

“ምን ትጽፋለህ ልጄ?”

“ልብ ወለድ ታሪክ ነው አባ።”

“ማን ነው የሚያጽፍህ?”

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። “ማንም የለም፤ ለራሴ ነው የምጽፈው” አልኳቸው።

“ተው እንጂ! አጻፊ የሌለው መጽሐፍ አለ? ቀለብህን ማን ይሰፍርልሃል?”

አባ የጠየቁኝ እሳቸው ከሚያውቁት የብራና ሥራ ተነሥተው ነው። የጣና ገዳማት የሚታወቁበት የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ እናስታውስ። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይፋቃል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ይዘጋጃል። በቀዩ ቀለም የፈጣሪና የቅዱሳን ስም ይጻፋል። ቁም ጸሐፊው መቃ ቀርጾ፣ ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊደል በፊደል ይጽፋል። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ያስፈልጋል፤ ሥራው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ይህን ሁሉ ጊዜ ጸሐፊው ይበላል፤ ቤተሰብ ካለውም ያበላል። ብዙዎቹ ቁም ጸሐፊዎች ገበሬም ናቸው፤ አርሰው፣ ቀድሰው፣ አስተምረው በተረፈው የቀን ብርሃን ይጽፋሉ። የቀረውን ወጪ የሚችለው አጻፊው ነው። ለዚህም ነው በብዙ የግዕዝ መጻሕፍት ላይ ለጻፈው ብቻ ሳይሆን ላጻፈውም፣ ላነበበውና ለሰማውም ምሕረት የሚለመነው።

የዘመናችን ልብ ወለድ ሽፋን ላይ ግን የጸሐፊው ስም ብቻ ይወጣል። አጻፊው ጠፍቶ ነው ወይስ ስሙ ሳይጻፍ ቀርቶ?

ከደቅ ወደ ምዕራብ ሐይቁን ቢሻገሩ ቁንዝላ ወደብ ይደርሳሉ፤ አገሩ አቸፈር ነው። አቤ ጉበኛ የተወለደው በዚያ በአቸፈር ነው። በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው “አልወለድም” ታግዶበታል። አቤ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት ሥራ ሠርቷል፤ በኋላ ግን መሥሪያ ቤቱን ትቶ በብዕሩ ለመኖር ወሰነ። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ድርሰትን ሙሉ መተዳደሪያው ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ፣ ምናልባትም የመጀመሪያው እሱ ነው እየተባለ ይነሣል። ብዙ ጻፈ፤ በ1972 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነቱ አረፈ። የአቤን ውሳኔ የሚያደንቅ ሰው ዋጋውንም አብሮ ማየት አለበት። አጻፊው አንባቢው ብቻ ሲሆንና መጽሐፉ ከአንባቢው እንዳይደርስ ሲታገድ ደራሲው ሌላ እንጀራ የለውም።

ሌላው የጎጃም ልጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በሥራ መካከል ነው የጻፉት። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ የቤተ ክህነትንም የዘመናዊውንም ትምህርት ተማሩ፤ በመምህርነት ሠሩ፤ ጣሊያንን ተዋጉ፤ ተማርከው በጣሊያን አገር ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸው የዲፕሎማትና የሚኒስትር ነበር። “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ዓ.ም. ሲታተም እሳቸው የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሙሉ ያዳመጠው ያ ትልቅ መጽሐፍ ከሥራ የተረፈ ሰዓት ፍሬ ነው። ዘግይቶ መምጣቱም አልጎዳውም። የልጅነት አገራቸውን፣ የቆሎ ተማሪውን፣ የባላባቱን ቤት ለዓመታት በልባቸው ይዘው ቆይተው ነው ወረቀት ላይ ያሰፈሩት።

በዓሉ ግርማ ግን ሥራውን ራሱን ወደ ልብ ወለድ አመጣው። ጋዜጠኛና ዋና አዘጋጅ ነበር፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆነ። “ኦሮማይ” የተወለደው በሥራው ምክንያት በተካፈለበት የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉ ወጣ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የእሱን ታሪክ “ሥራና ድርሰት እንዴት ይስማማሉ” ለሚል ሰው ምክር አድርጎ ማቅረብ ያስቸግራል። አንድ ነገር ግን ያሳያል። ቢሮ ደራሲን የሚያደክም ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሰው ፍርሃት፣ ምኞትና አድርባይነት በየቀኑ የሚታይበት መድረክም ነው።

ከጣና የሚወጣው ዓባይ ወርዶ ወርዶ ካይሮን ያቋርጣል። በዚያች ከተማ ናጊብ ማህፉዝ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ጡረታው ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ልብ ወለዶቹን የጻፈው ከቢሮ ሰዓት ውጪ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ ለረጅም ዘመን ፋይል ሲያገላብጥ ውሎ ማታ የሚጽፍ ሰው ነበር ማለት ነው።

ስለ ዓባይ ከተነሣ፣ በጣና ዙሪያ አንድ የቆየ አባባል አለ፦ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል አቋርጦት ያልፋል ይባላል። ለእኔ ይህ አባባል ብዙ ጀማሪ ደራሲዎች የሚመኙትን ኑሮ ይመስላል፤ በቤትና በሥራ መካከል ሳይነኩና ሳይደባለቁ ማለፍ። ባለሙያዎችን ብትጠይቁ ግን ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ገብተው ይደባለቃሉ፤ በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው የሁሉም ውኃ ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ የገዘፈው በመቀላቀሉ ነው።

ደቅ ላይ ያሳደረችኝ እናት ይህን ያለ ምሳሌ አስረዳችኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እሳት ታያይዛለች፤ በጀሪካን ውኃ ትቀዳለች፤ ትጋግራለች፤ ከብት ታወጣለች። ባሏ በማኅሌት ቆሞ የሚያድረው፣ ልጇ ለድጓ ትምህርት የሚቀመጠው በእሷ ሰዓት ነው። “እርስዎስ እትዬ፣ ለራስዎ የሚሆን ጊዜ አለዎት?” አልኳት። ሳቀች። “እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሳፈላ ማንም አያዝዘኝም፤ ያን ጊዜ ለማንም አልሰጥም” አለች። ቤቱ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሲኒው እስኪከደን ድረስ ማንም ሥራ አያመጣባትም።

በሁለተኛው ቀን ናርጋ ሥላሴ ገባሁ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ከሥዕሎቹ በአንዱ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ጎብኚ ሲመጣ የሚነገረው ያሠሩት የንግሥቲቱ ስም ነው። ቀለሙን የበጠበጠውና ድንጋዩን የጠረበው ሰው ስም አይነሣም። እኛ ደግሞ የጻፈውን አንሥተን ያጻፈውን እንረሳለን። ሁለቱንም አብሮ ማስታወስ የቻሉት እነዚያ የብራና ጸሐፊዎች ናቸው።

በደሴቱ ላይ ስንት ገጽ ጻፍክ ለሚለኝ ዘጠኝ ገጽ ነው። ቤቴ ሆኜ በሦስት ሳምንት ከምጽፈው አይበልጥም። ያገኘሁት ትልቁ ነገር ዓሣ አጥማጆቹ ቀናቸውን የሚከፍሉበት መንገድ ነው። መረብ የሚነሣው ነፋስ ሳይመጣ በማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ጋር አይታገሉም። የእኔም ጭንቅላት ከቀትር በኋላ እንደ ጣና ነው። ለመጻፍ የምመርጠው የማታው ሰዓት የቀኑ ነፋስ ሁሉ ያለፈበት ነው።

ባሕር ዳር ስመለስ ከባለቤቴ ጋር ቡና አፍልተን ተነጋገርን። እሷም ስታስብ ቆይታ ነበር። የማታ ትምህርቷን ካቋረጠች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ያቋረጠችው እኔ ረቂቁን ከመጀመሬ አንድ ዓመት በፊት፣ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ነው። ያለ ደመወዝ ፈቃዱን ተውነው። በምትኩ በሳምንት አራት ቀን ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት የእኔ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሕፃን ቢያለቅስ እሷ ትነሣለች። ቅዳሜ ሙሉ ቀንና በሳምንት ሁለት ምሽት የእሷ ነው፤ ራት፣ ልብስና የቤት ሥራ በእኔ ላይ ነው። ትምህርቷን በሚቀጥለው መንፈቅ ትጀምራለች። ሰዓቱን በወረቀት ጽፈን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነዋል፤ ልጆቹም ያነብቡታል።

ቤትዎ ውስጥ የሚጽፍ፣ የሚሥል ወይም የሚማር ሰው ካለ ይህን ሒሳብ አብራችሁ ብትሠሩ መልካም ነው። እሱ የሚወስደው ሰዓት ከማን ቀን ላይ ተቆርጦ እንደሚመጣ በስሙ ጥሩት፤ የሚመለስበትንም ቀን አብራችሁ ቁረጡ። ወረቀት በተወደደበት፣ ብዙ ደራሲ የራሱ አሳታሚና አከፋፋይ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ለአብዛኛው ልብ ወለድ ቀለብ የሚሰፍረው ቤተሰብ ነው።

ረቂቄ አሁን አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሷል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከርእሱ ሥር ሁለት መስመር አለ። አንዱ “ጸሐፊ” ይላል፤ ሌላው “አጻፊ”። በሁለተኛው መስመር ላይ የባለቤቴን ስም በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ።