ከመጥፋቱ በፊት ምን አየህ?

በወሎ መንገድ የፕሮጀክት መኪና የነዳ ሰው ማታ አልጋ ከመያዙ በፊት ቁልቁለት ይፈልግ ነበር። ፒክአፗን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ያቆማል፣ ከጎማዋ ስር ድንጋይ ይሸጉጣል፤ እራት ከዚያ በኋላ ነው። ደብረ ሲና ያደረ ለዚህ አይቸገርም፤ ከተማው ራሱ ቁልቁለት ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያደረ ግን ጠዋት የሰፈሩን ጎረምሶች እየለመነ ያስገፋል። ጎረምሶቹም ዋጋቸውን ያውቁ ነበር፤ ጥቂት ገፋ ያደርጉና መሃል መንገድ ላይ ቆመው ይደራደራሉ።

የማወራው በእኛ አቆጣጠር ስለ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የድሮ መኪና ጠንካራ ነበር ለማለት አይደለም፤ ጠንካራ ቢሆን ቁልቁለት ባልፈለግን።

ያኔ የምንነዳት ሃይሉክስ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነበራት። ሞተሩ አንዴ ከተነሳ ከኤሌክትሪክ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፖምፓው ላይ የተተከለች፣ ናፍጣ የምትከፍትና የምትዘጋ ትንሽ ሶሌኖይድ 12 ቮልቷን ካገኘች ሌላው ሁሉ በብረትና በግፊት ይሄዳል። ስለዚህ ዲናሞው መንገድ ላይ ቢሞት እንኳ ሾፌሩ ሬዲዮውን ይዘጋል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ባትሪው ውስጥ በቀረችው ብቻ ከሸዋ ሮቢት ኮምቦልቻ ይገባል። ቀን ከሆነ ነው እንግዲህ፤ ማታ ከሆነ ፊት ለፊት የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይፈልግና በሱ መብራት ጭራውን ይዞ ይከተላል። ሶሌኖይዷ ራሷ ካመጸች ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ሽቦ ተጎትቶ "ዳይሬክት" ይደረግላታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ማጥፋት የፈለገ ሽቦውን ይነቅላል።

ኮምቦልቻ ከዋናው መንገድ ዳር ሁላችንም "ባለ አምፖሉ" የምንለው ኤሌክትሪሺያን ነበር። የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ጥቅልል ፕላስተርና ከፍሬቻ የተፈታ 21 ዋት አምፖል ይገኛሉ። አምፖሉ ላይ ሁለት ሽቦ በይዶበታል፤ የአንዱ ጫፍ መቆንጠጫ፣ የሌላው ጫፍ የተሳለ ሚስማር ነው። መኪና ተጎትታ ስትመጣለት ኮፈን ለማንሳት አይቸኩልም። መጀመሪያ ሾፌሩን ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል።

"እህ ወንድሜ፤ ከመጥፋቱ በፊት ምን አየህ?"

"ኧረ ድንገት ነው ቀጥ ያለችው ጋሼ።"

"ድንገት የሚባል ነገር የለም። መብራቷ ደክሞ ነበር?"

"ትናንት ማታ... ስቆም ይደክማል፤ ነዳጅ ስሰጣት ይደምቃል።"

"የባትሪዋ ቀይ መብራትስ?"

"እሷማ ከወልድያ ጀምራ ብልጭ ትላለች።"

"ታዲያ ከወልድያ ጀምራ ስትጠፋ ነበር በለኝ እንጂ!"

እኔ ያኔ ሰውዬው ወሬ ወዳድ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውለው ግን እያንዳንዱ ጥያቄ መኪናዋን ለሁለት ከፍሎ ግማሿን ከምርመራ ያወጣታል። ሲቆም የሚደክም፣ ነዳጅ ሲሰጥ የሚደምቅ መብራት ወደ ዲናሞው ይመራል፤ ወይ ቺንጊያው ላልቷል፣ ወይ ካርቦኑ አልቋል፣ ወይ ሬጉሌተሩ ሰንፏል። ጉድጓድ ስትመታ ሁሉም ነገር ጠፍቶ በሚቀጥለው ጉድጓድ የሚመለስ ከሆነ የላላ ተርሚናል ነው። ቁልፍ ሲዞር "ቀጭ" ብሎ የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ የሚሞት ከሆነ ባትሪው ወይም የባትሪው መንገድ ይጠረጠራል። መብራቱ እንደ ደመቀ "ቀጭ" ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ሞተሪኖው ይፈታል። ምንም ሳይደክም፣ ምንም ሳይል ሁሉም በአንዴ ጭልም ያለ እንደሆነ ባለ አምፖሉ ቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ወዳለችው አጭር ሽቦ ይሄዳል። ይህች ሽቦ የመላው መኪና ዋና ፊውዝ ናት። ላስቲኳ ሳይነካ ውስጧ ቀልጦ ሊሆን ስለሚችል ዓይን አያያትም። እሱ በሁለት ጣቱ ይዞ ይስባታል፤ እንደ ማስቲካ ከተለጠጠች ምርመራው አለቀ።

ስለ አምፖሉ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ አብሮን ነበር፤ አዲስ ዲጂታል ቴስተር ይዟል። ወደ ሶሌኖይዷ የሚሄደውን ሽቦ ለካው፤ 12.4 ቮልት። "ኤሌክትሪክ አላት፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው" አለ። ባለ አምፖሉ እዚያው ጫፍ ላይ ሚስማሩን ሰካ፤ አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ አንዲት በዝገት የተበላች የመዳብ ጭራ ብቻ ቀርታው ነበር። ቴስተር ምንም ያህል ኤሌክትሪክ ስለማይጎትት በዚያች ጭራም ቢሆን ሙሉ ቮልቱን ያነባል፤ 21 ዋት አምፖል ግን ወደ 2 አምፔር ይጠይቃልና ጭራዋ አትችለውም። መሐንዲሱ ቴስተሩን ወደ ቦርሳው መለሰው። ምሳ ላይ ግን ሂሳቡን የከፈለው እሱ ነው፤ ይህንንም መመስከር አለብኝ።

ባለ አምፖሉ ከሁሉ የሚጠረጥረው ማሳውን ነበር፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ከሞተሩና ከአካሉ ጋር የሚታሰርበትን። ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚሄድ እንጂ እንዴት እንደሚመለስ አያስብም። ሞተሪኖ ሞተር ሲያዞር 200 አምፔር ገደማ ይጎትታል እንበል። የማሳው ብሎን ስር ያለው ዝገት አንድ መቶኛ ኦም ብቻ ቢቋቋም 2 ቮልት እዚያው ብሎን ላይ ይቀራል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሞተሪኖው ደህና ነው፣ መኪናዋ ግን አትነሳም። ያኔ በወሎ መንገድ ስንት ጤነኛ ባትሪ በዚህ ሰበብ "ሞቷል" ተብሎ እንደተሸጠ ቤቱ ይቁጠረው። ባለ አምፖሉ ብሎኑን ይፈታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ግሪስ ቀብቶ ያጠብቃል። አለቀ።

አለቀ ግን አይልም! "በል ምሳህን ብላና ተመለስ" ይላል ሾፌሩን። አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅሁት። "ቶሎ ካለቀ አይከፍሉኝም" አለኝ፣ ሳይስቅ።

ታዲያ ሰውዬውን ጻድቅ እንዳላደርገው እፈራለሁ። የእሱና የመሰሎቹ እጅ ያረፈበት ሽቦም መኪና አቃጥሏል። 10 አምፔሩ ቀይ ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል 30ውን አረንጓዴ ይሰኩ ነበር። አረንጓዴው ከጠፋ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ወረቀቱም ካልያዘ ሚስማር አለ። ፊውዙ ለምን እንደተቃጠለ የሚጠየቀው ከዳሽቦርዱ ስር ጭስ ሲወጣ ነው። "ዳይሬክት" የተደረገች መኪና ደግሞ ለሚቀጥለው ባለሙያ እርግማን ናት፤ ቀዩ ሽቦ ቢጫ ሆኖ ይቀጥላል፣ ቢጫው የት እንደገባ ሳይታወቅ ፕላስተር ስር ይጠፋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የእህቴ ልጅ ሃይሉክስ አለችው። የሷም ሞተር 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ከድሮዋ ጋር የሚያመሳስላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ናፍጣውን በምን ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ማርሿ አውቶማቲክ ስለሆነ ተገፍታ አትነሳም፣ ቁልፏን ካላወቀችውም አትነሳም። ቁልቁለት ላይ ብታቆማት ትርፉ የእጅ ፍሬን መሳብ ነው።

ይህች መኪና ጥቂት ቀን ከቆመች ባትሪዋ ይሞታል። አንዳንዴ ደግሞ እየሄደች ሳለ ዳሽቦርዷ እንዳለ በቢጫና በቀይ መብራት ይሞላል። አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ልጆቹ መሪው ስር ያለችው ሶኬት ላይ ስካነሩን ሰኩ፤ ስካነሩ አልበራም። ለካ እሱም የሚበራው ከዚያችው ሶኬት፣ ከዚያው ከሞተው ባትሪ ኖሯል። በሌላ ባትሪ ነፍስ ዘሩባትና ስካነሩ ኮድ ያወርድ ጀመር፤ የፍሬን፣ የመሪ፣ የኤርባግ፣ የማርሽ። ከመካከላቸው ፒ0562 የምትባል ነበረች፤ ትርጉሟ የመኪናው ቮልት ወርዷል ነው። ሌሎቹ ሁሉ ምናልባት የሷ ልጆች ናቸው፤ ቮልት ሲወርድ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየፊናው ይጮኻል። የጋራዡ ልጆች ግን እናቲቱን ትተው ከልጆቿ ጀመሩ። የፍሬን ሴንሰር ተገዛ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይቀየር እንደማይቀር ተነገረው። ከመጥፋቱ በፊት ምን እንዳየ የጠየቀው የለም።

ቢጠይቁትስ? እኔ ጠየቅሁት።

"ምንም አላየሁም አጎቴ፣ ስልክ ላይ ነበርኩ" አለኝ።

በመጨረሻ ችግሩን ያገኘለት ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። ስለ ባለ አምፖሉ ሳወራለት በአክብሮት ሰማኝና "ጋሼ፣ ያንን አምፖል እዚህ ሽቦ ላይ ቢሰካው ኮምፒውተሩን ያቃጥለው ነበር" አለ። እውነቱን ነው። በሚሊ አምፔር የሚነጋገር ሽቦ ላይ 2 አምፔር የሚጎትት አምፖል መስካት የኮምፒውተሩን ውስጥ ሊጠብሰው ይችላል። ልጁ መኪናዋን ቆልፎ ኮምፒውተሮቿ እስኪተኙ ጠበቀ፤ በር ከተከፈተ ይነቃሉና እኔንም ከበሩ አራቀኝ። ከዚያ ለካ። ተኝታ ያለች መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ባትበላ ጥሩ ነው፤ ይህቺ ግማሽ አምፔር ትበላለች። ግማሽ አምፔር በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ ሳምንት አይሞላውም። የሚበላው ከፋብሪካ የመጣ ነገር አልነበረም። መኪናዋን ለመከታተል የተገጠመው ጂፒኤስና በኋላ የተጨመረው የሙዚቃ ማጉያ፣ ቁልፍ ቢጠፋም በማያርፍ አንድ ሽቦ ላይ ተደርበዋል። ለሌባ የተቀጠረው ዘበኛ ጎተራውን ሲበላ ከረመ ማለት ነው።

የዳሽቦርዱ ጩኸት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነበር። መኪናዋ ተጋጭታ ቀለም ተቀብታ ነበር፤ ቀቢዎቹ የማሳውን ብሎን መልሰው ያሰሩት ቀለሙ ላይ ነው። ልጁ ብሎኑን ፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ አጠበቀ።

የእህቴ ልጅ ሂሳቡን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። "ብሎን ላጠበቅህበት?" አለ። ይኸው የእህቴ ልጅ በካርቶን ታሽጎ ለመጣ፣ መኪናዋም ለማያስፈልጋት ሴንሰር ትንፍሽ ሳይል ከፍሏል። ጋራዦቹ ኮድ አንብበው ዕቃ መሸጥ ከየት ተማሩ ብዬ ስገረም ከርሜ ነበር፤ መምህራኑ እኛው ባለመኪኖቹ ነን። ማየትን በነፃ፣ ዕቃን በውድ የሚገዛ ደንበኛ ፊት ማን ቁጭ ብሎ ያስባል? ባለ አምፖሉ ይህን ቀድሞ አውቆ ነው ሾፌሩን ምሳ የሚልከው። የዛሬው ልጅ ያንን ብልሃት ገና አልተማረም፤ ሥራውን ደንበኛው ዓይን ስር ጨርሶ ዋጋውን በግልጽ ይናገራል። እኔ መካሪ ብሆን ምሳ ይላካቸው ባይ ነኝ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በወጣቱ ኤሌክትሪሺያን በር ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች መሰለፍ ጀምረዋል። ብዙ ሰው በእነሱ የባትሪና የማሳ ጣጣ ያበቃ ይመስለዋል። ወለላቸው ስር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የተሸከመ ባትሪ አለ፤ ነገር ግን ያንን ኃይል የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የምትዘጋው፣ ኮምፒውተሩንም የምትቀሰቅሰው እንደ ድሮዋ ያለች የ12 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናዋ አትነቃም። ባለፈው እዚያ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ አንድ ጎልማሳ መኪናውን በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ፤ ስልኩን ለልጁ ደቅኖ እየተቆጣ ነው።

"ይኸው እይ! ባትሪው 80 በመቶ ነው ይላል!"

"የትኛው ባትሪ ጋሼ?" አለ ልጁ።

ሰውዬው ስልኩን አየ፣ መኪናውን አየ።

"ሁለት ነው እንዴ ያላት?"