የባለቤቴ ሞተር፣ ደረቁ አሞርዛተርና የእኔ ወገብ

«ባልና ሚስትን የሚያጣላው ምንድን ነው?» ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ገንዘብ፣ ቅናት፣ አማት፣ መጠጥ... ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኛን ያጣላን ግን ሁለት ሞላ ነው! የሞተር ሳይክል የኋላ ሞላ። አትሳቁብኝ። በዚህ ሞላ ሰበብ ስምንት ቀን ሙሉ እናቴ ቤት አድሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ገንዳ ውሃ ነው። ከጎንደር በአይከል አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደውን አስፋልት የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል፤ ሸኸዲ የሚሏትም ብዙ ናቸው። ባለቤቴ በሞተር ነው የሚተዳደረው። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ወደ እርሻ ቦታው ለቀን ሠራተኞች ውሃና ዱቄት ያመላልሳል፤ አጨዳው ሲያልቅ ሰው ይጭናል። እኔ በየጋዜጣው እየጻፍኩ የማገኛት ክፍያ የቡና ናት። እንጀራችን ከዚያች ሞተር ነው።

አስፋልቱ ላይ ምንም የለም። ጉዱ ያለው ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ወደ እርሻው ስትገቡ ነው። የቆላው መሬት ዋልካ ነዋ! በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛችኋል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ትራክተር በጭቃው ጊዜ የቀደደው መስመር ጥር ላይ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በዚህ መንገድ ላይ ነው እንግዲህ የሞተራችን አሞርዛተር ዘይቱን የተፋው።

ባለቤቴ ጎንደር ወጣና አዲስ ገዝቶ መጣ። «ይሄውልሽ፣ ጠንካራ ነው! ኩንታል ቢጫንበት ንቅንቅ አይልም!» አለኝ። አየሁት፤ የሞላው ሽቦ ወፍራም፣ ቀለሙ ቀይ፣ ሲያዩት ያምራል። ሻጩ «የጭነት ነው፣ ወንድ የሆነ ዕቃ ነው» ብሎታል። ወንድ ልጅ ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ ምን ሊጠይቅ ነው?

እኔ ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንድ አስወርዶኝ ስለነበር ፍርሃቴ እጥፍ ነው። አንድ ቀን ከእናቴ ቀበሌ ስንመለስ በዚያ ደረቅ መስመር ላይ ሞተሯ ታነጥረኝ ጀመር። «ቀስ በል እንጂ!» እለዋለሁ፤ «ቀስ ብያለሁኮ!» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ቀስ ብሎ ነበር። ግን እያንዳንዷ ጠጠር ከጎማው ተነስታ ቀጥ ብላ ወገቤ ውስጥ ትገባለች። ማታ ሆዴን ቆረጠኝ። ደም አየሁ።

ጤና ጣቢያ አደርን። አዋላጇ መርምራ «ጽንሱ ደህና ነው፣ እረፍት አድርጊ» አለችኝ። ሞተሩ ነው ያመጣው አላለችም፤ እኔም አልልም። «እስክትወልጂ ግን ሞተር ላይ እንዳትወጪ» አለች። እቤት እንደገባን «ያን ድንጋይ አሞርዛተር አውጣው!» አልኩት። «እሱን ካወጣሁ በምን ጭኜ ላበላሽ ነው? ዕቃው ጠንካራ ነው፤ የፈራሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ይህች «የፈራሽው አንቺ ነሽ» የምትለዋ ቃል ናት ያቃጠለችኝ። ሳምንት ያህል ካረፍኩ በኋላ ነጠላዬን አንስቼ ወደ እናቴ ሄድኩ። በእግሬ!

በስምንተኛው ቀን ራሱ መጣ። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን ሲመለስ መስመሩ ላይ ፍሬን ቢይዝ፣ የኋላ ጎማው እንደ ኳስ ነጥሮ ወደ ጎን ወሰደውና ጣለው። ሳይጭን ነው እንግዲህ የወደቀው! አልተሳሳቅንም። እናቴ ቡና አፈላች። ከቡናው በኋላ ሞተሯን እየገፋን ሁለታችንም መካኒክ ዘንድ ሄድን።

መካኒኩ ያሳየን ነገር

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ጠንካራ ነው ወይስ መጥፎ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ዕቃው መጥፎ አይደለም። የናንተ አይደለም እንጂ» አሉኝ።

ከዚያ አስረዱን። አሞርዛተር የምንለው ሁለት ሥራ አንድ ላይ የታሰረበት ነው። ውጪ ያለው ሞላ ክብደቱን ይሸከማል፤ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ ሞላው ተነስቶ እንዳይጨፍር ይይዘዋል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ ሲያልፍ የንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ከፈሰሰ ሞላው ብቻውን ይቀርና ሞተሯ እንደ አልጋ ስፕሪንግ ትዘላለች። ሞላው ለክብደታችሁ ከደረቀ ደግሞ ጎማው ጉብታውን ተከትሎ መውጣትና መውረድ አይችልም፤ ይነጥራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙት ምን ዋጋ አለው? ለካ አሞርዛተር ለወገብ ምቾት ብቻ አይደለም። ጎማውን ከመሬት ጋር አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው!

«ቅጥቅጥ አይሱዙ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ አይደል?» አሉን ጋሼ። «ሥሩ የጭነት መኪና ነው። ባሌስትራው ለኩንታል ነው የተሠራው። ሙሉ ሲሆን ደህና ይሄዳል፤ አምስት ሰው ብቻ ሲይዝ ግን ጉበት ያወርዳል። ያንተም ሞተር እንደዚያ ሆናለች።» ባለቤቴ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ሜትር አወጡ። ሞተሯን በሁለት እግሯ አቆሙና የኋላ ጎማው ሳይነካ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ከጎማው መሃል ዳዶ ቀጥ ብለው እስከ ወንበሩ ሥር ባደረጉት ምልክት ለኩ። ቀጥሎ ሞተሯን ከማቆሚያው አውርደው ባለቤቴን አስቀመጡትና እንደገና ለኩ። 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ወርዷል! ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው በጠቅላላ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ፣ ሰው ሲቀመጥ ከሩብ እስከ ሲሶው መውረድ አለበት፤ ማለትም ከ25 እስከ 33 ያህል። የኛ 8! በዚያ ላይ ባለቤቴ «ይበርታ» ብሎ ማስተካከያ ቀለበቱን መጨረሻው ላይ አዙሮት ነበር።

«ቀለበቱንስ ወደ አንድ ብንመልሰው አይለሰልስም?» አልኳቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው አሉ። ቀለበቱ ሞላውን አያለሰልስም፣ አያደርቅምም። የሚቀይረው ሞላው ከየት ላይ ሥራ እንደሚጀምርና የሞተሯን ከፍታ ነው። ደረቅ ሞላ በቀለበት ለስላሳ አይሆንም። ደረቅ ሰው በምክር ለስላሳ እንደማይሆነው ማለት ነው፤ ይህቺኛዋ የኔ ናት።

እናንተስ ልትገዙ ከሆነ?

አንደኛ፣ በእርግጥ መቀየር አለበት ወይ? የኋላ ወንበሩን በሁለት እጃችሁ በኃይል ጫኑትና ልቀቁት። ተነስቶ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጨፈረ ዘይቱ አልቋል። መሃል ያለውን የሚያብረቀርቅ ዘንግም እዩት፤ ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎ ጭቃ ከሠራ ማኅተሙ ተቀዷል ማለት ነው። ግን ከሁሉ በፊት የጎማችሁን ንፋስ አስለኩ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማም ያነጥራል፤ አሞርዛተሩን በከንቱ ትከሱታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ርዝመት። ከላይኛው ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል ለክታችሁ በሚሊ ሜትር ጻፉ፤ አሮጌውንም ይዛችሁ ሂዱ። ረዘም ያለ ካደረጋችሁ ቂጧ ተነስታ መሪው ይቅበጠበጣል፣ የጎን መቆሚያውም አያደርስም። ካጠረ ደግሞ ጎማው ጭቃ መከላከያውን ይመታል። የቀዳዳውን ስፋትም እዩ። «ትንሽ ይሞረዳል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ።

ሦስተኛ፣ ሽቦው። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የሞላው ሽቦ ውፍረት ከ7 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያድግ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ድርቀቱ 70 በመቶ ያህል ይጨምራል! አንዲት ሚሊ ሜትር! ዓይን የማይለያት ነገር ናት ወገብ የምትሰብረው። የጥቅልሉ ቁጥር ሲያንስም ሞላው ይደርቃል። ስለዚህ «ወፍራም ነው» ሲሏችሁ «ለስንት ኪሎ?» በሏቸው።

አራተኛ፣ ሁልጊዜ ጥንድ ግዙ። አንዱ ብቻ ነው የፈሰሰው ብላችሁ አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ፣ አዲሱና አሮጌው እኩል ስለማይሠሩ የኋላውን ያጣምሙታል። ባጃጅ ያላችሁም የኋላ ሁለቱን አብራችሁ ነው መቀየር ያለባችሁ።

አምስተኛ፣ ካሰራችሁ በኋላ ለኩ። እኛ ቀጠን ያለ ሽቦ ያለውን ጥንድ አስገባን። ቀለበቱ ሁለተኛው ጥርስ ላይ ሆኖ ባለቤቴ ብቻውን ሲቀመጥ 28 ሚሊ ሜትር ወረደ። ከኋላ የሚቀመጥ ጠፍቶ ጋሼ «አንቺ እንዳትወጪ!» ብለው ሠራተኛቸውን አስቀመጡት፤ 45 ሆነ። ቀለበቱን አራተኛው ላይ ሲያደርጉት ወደ 35 ተመለሰ። ቀለበቱ ሥራው ይሄ ነው! ጭነት ሲጨመር ከፍ፣ ሲራገፍ ዝቅ። በቀኝም በግራም ግን አንድ ዓይነት ጥርስ ላይ ይሁን። የፊት መብራታችሁ ማታ ማታ ሰማይ የሚያይ ከሆነም የኋላው ወርዷል ማለት ነውና ቀለበቱን አስታውሱ።

ደግሞ አደራ፣ በሞላው ጥቅልል መሃል የጎማ ቁራጭ እየሸጎጡ «አጠነከርኩት» የሚሉትን አትከተሉ። የሞላውን መታጠፊያ ነው የሚዘጉት፤ ድንጋጤው ወደ ብረቱና ወደ እናንተ ይሄዳል። በኛ አገር መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፣ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ረጅም ኮረኮንች ከሄዳችሁ በኋላ ሞተሯ መጨፈር ከጀመረች ጥላ ፈልጋችሁ አሳርፏት፤ እናንተም ዕረፉ።

«ታዲያ ጭነቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። እሱ ነው ከባዱ። ባለቤቴ ለስላሳውን ካስገባ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚጭነውን ቀነሰ። ለሁለት ምልልስ የነበረው ሦስት ሆነ፤ ቤንዚኑ ጨመረ፤ የዚያ ዓመት ትርፋችን ሳሳ። ይህን አልደብቃችሁም። ግን አልወደቀም። ቡሎኖቹም በየሳምንቱ መላላት ተዉ። ደረቁን አሞርዛተር ጭነት ብቻ ለሚያመላልስ ሰው ሸጥነው፤ እሱ እስከ ዛሬ ያመሰግነናል። ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ዕቃው መጥፎ አልነበረም።

እኔም እስክወልድ ሞተር ላይ አልወጣሁም። ልጃችን በሰላም ተወለደች። ዛሬ ያንን ዋልካ እየረገጠች ትሮጣለች።

«የፈራሽው አንቺ ነሽ» ላለኝ ቃል ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። ወንድ አይደል! ግን አሁን ከኋላው ልወጣ ስል ወርዶ ይንበረከክና መፍቻውን ቀለበቱ ላይ ያደርጋል። ቀና ብሎም «ስንት ኪሎ ሆነሻል?» ይለኛል። ሴትን ኪሎዋን መጠየቅ ነውር ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔን ግን እንደዚህ ጥያቄ ደስ የሚለኝ የለም። እነግረዋለሁ፤ አንድ ጥርስ ያዞርና «ውጪ» ይለኛል።