ጎዳና ሳይታረስ የሚጠገን ቧንቧ

ለንደን የሄደ ሰው ትልቁን ሰዓትና ቤተ መንግሥቱን ሳያይ አይመለስም። እኔ ልጄን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ ግን መጀመሪያ ውሰዱኝ ያልኩት ሶሆ ሰፈር፣ ብሮድዊክ ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ የውሃ ፓምፕ ነው። እጀታ የለውም፤ ውሃም አይቀዳበትም። የጤና ትምህርት የተማርን ሰዎች ግን ታሪኩን እናውቀዋለን።

በ1854 እ.ኤ.አ. ነሐሴ መጨረሻ ላይ በዚህ ሰፈር ኮሌራ ገባና ከ600 በላይ ሰዎችን ጨረሰ። ዶክተር ጆን ስኖው ሟቾቹ የት እንደኖሩ እየመረመረ ምንጩ የጎዳናው ፓምፕ መሆኑን አሳየና እጀታው እንዲነቀል አደረገ። ቀጥሎ ሄንሪ ኋይትሄድ የተባሉ ቄስ ነገሩን ሲከታተሉ፣ አስቀድማ የታመመችው በፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት የምትኖር ሕፃን መሆኗን ደረሱበት። እናቷ የሽንት ጨርቋን ያጠበችበትን ውሃ የምትደፋው ምድር ቤት ውስጥ ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር። ቦታው ሲቆፈር የጉድጓዱ ጡብ በስብሶ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ወዳለው የውሃ ጉድጓድ እያሰረገ ተገኘ። እናት ምን ጥፋት አለባት? ጥፋቱ ማንም የማያየው፣ መሬት ውስጥ ያረጀው ግንብ ነው።

ከዚያ በኋላ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ለለንደን ታላላቅ የፍሳሽ መስመሮችን ሠሩ። ግን ጡብም እንደ ሰው ያረጃል። ከመቶ ዓመት በኋላ የከተማው ጥያቄ ያንን ሁሉ ጎዳና ሳያርሱ እንዴት ይጠገን የሚል ሆነ። መልሱ የተገኘው እዚያው ለንደን ነው። በ1971 ኤሪክ ዉድ የተባለ መሐንዲስ በምሥራቅ ለንደን ሃክኒ ውስጥ አንድ አሮጌ የፍሳሽ መስመር ከውስጥ ለበጠው።

አሠራሩ ለእኛ ባለሙያ ሴቶች አይከብድም። ወፍራም የጨርቅ ቱቦ በፈሳሽ ሙጫ ይነከራል። ከዚያ የበግ አንጀት ሲታጠብ እንደሚገለበጠው፣ በውሃ ግፊት እየተገለበጠ አሮጌው ቧንቧ ውስጥ ይገባና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የሞቀ ውሃ ወይም እንፋሎት ሲለቀቅበት ሙጫው ይደርቃል፤ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ አዲስ ቧንቧ ተሠራ ማለት ነው። ከየቤቱ የሚመጡት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ስለሚደፈን፣ ካሜራ ያለው መቁረጫ ገብቶ ይከፍተዋል። ሥራው ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ሐኪሞች በጠበበ የልብ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት ሲያስገቡ ደረት እንደማይከፍቱት ማለት ነው።

ለሁሉም በሽታ ግን መድኃኒት አይደለም። ፈጽሞ የተደረመሰ ቧንቧ መቆፈሩ አይቀርም። ለመጠጥ ውሃ መስመርም ለጤና ተስማሚነቱ የተረጋገጠ ሙጫ ያስፈልጋል።

ይህን የምጽፈው ለንደንን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። እኛም ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን ልጅና የልጅ ልጅ እናሳድጋለን። ውሃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ያኔ መስመሩ ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለው እርጥብ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መስመሩ እስኪጠገን ድረስ ቤታችን ልናደርገው የምንችለው አለ። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ለወለል ማጠቢያ አድርጉት። ለሕፃናት የሚሰጠውን አፍሉት፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ውሃው ከሸተተ ወይም ደጃችሁ ላይ ፍሳሽ ካመነጨ፣ ሌላ ሰው ይናገራል ብላችሁ አትተዉት፤ ጎረቤት አስተባብራችሁ ለውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት አመልክቱ። የተቀበረ ቧንቧ የሚታወሰው ሲፈነዳ ነው፤ የሕፃን ሆድ ግን ከዚያ አስቀድሞ ይነግረናል።