ምሰሶ ተቀምጦ ያውቃል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሥዕል ነው። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእናቴ ጉልት ነው።

እናቴ መርሳ ላይ፣ ከመንገድ ዳር ተቀምጣ ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች። እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «እናትህ ምን ትሠራለች?» አለኝ። «ነጋዴ ናት» አልኩት። ጉልት የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አፍሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአንድ ሥዕል ፎቶግራፍ ያየሁት። ሠዓሊው ታደሰ መስፍን ይባላሉ። የወልድያ ልጅ ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ተወለዱ። አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በታላቁ ሠዓሊ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥር ተማሩ። ሶቪየት ኅብረት ድረስ ሄደውም ሥዕል ተማሩ። ተመልሰው አዲስ አበባ ከ30 ዓመት በላይ አስተማሩ።

ታዲያ ይህን ያህል የተማሩት ሰው ማንን ሣሉ? የጉልት ሴቶችን! የአዲስ አበባን የጉልት ሴቶች በብዙ ሥዕሎች ሣሉ። ለሥዕሎቹም «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚል ስም ሰጧቸው።

ድሮ በአገራችን ሥዕል ሰፊውን ቦታ የሚይዙት ቅዱሳንና ነገሥታት ነበሩ። በእኒህ ሥዕሎች ግን ቦታውን የያዘችው ሻጯ ሴት ናት። ቁመቷ ረጅም ነው። የምትሸጠው ነገር ከእግሯ ሥር ተቀምጧል። ከኋላዋ ያለው ደብዝዟል፤ ዓይን እሷ ላይ ያርፋል። እናንተም ይህን ታውቁታላችሁ። ቀይ በርበሬ አመድማ ጆንያ ላይ ሲሰጣ ከሩቅ ይታይ የለም? የቀለም ሥራ እንዲህ ነው።

ፎቶግራፉን ሀብሩ ለማስተምራቸው እናቶች አሳየኋቸው። አንዲት እናት ብዙ ካዩ በኋላ፣

«ልጄ፣ እኛ ተቀምጠን ነው የምንውል። ይቺ ምነው ቆመች?» አሉኝ።

መልስ ስፈልግ ከኋላ የተቀመጡ ሌላ እናት ቀደሙኝ።

«ምሰሶ ተቀምጦ ያውቃል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም። ጠመኔዬን አንሥቼ «ምሰሶ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ሁሉም ጻፉት።

በሳምንቱ መርሳ ሄጄ ሥዕሉን ለእናቴ አሳየኋት። ለጓደኛዬ ያልኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፓፓያዋን እየደረደረች፣

«ታዲያ ነጋዴ አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ውሸቱ ቃሉ ላይ አልነበረም፤ ማፈሬ ላይ ነበር። ዛሬ የሚጠይቀኝ ቢኖር ሙሉውን እናገራለሁ፦ እናቴ መርሳ ላይ ጉልት ትሸጣለች። የቤታችን ምሰሶ እሷ ናት።

እናንተም በዚህ ሳምንት የቤታችሁን ምሰሶ ስም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የራሳችሁ ስም ከሆነም አትፈሩ፤ ጻፉት።