ለውሻ የትኛው መርፌ ይቅደም?

ውሻ የበረት ዘበኛ ነው። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ሌባ ሲመጣ ያባርራል። እኔ ፊደል በማስተምርበት በመንዝ ደጋ ውሻ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ውሻውን ያስከተበ ቤት ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

ስለ ክትባት ሳወራ አንድ አዛውንት ተማሪዬ፣ «ልጄ፣ ለሰውም ለበጉም መድኃኒት መግዣ ቸግሮናል። ደግሞ ለውሻ ስንት መርፌ ልናስወጋ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀድመውን መለየት ያስፈልጋል። የእንስሳት ሐኪሞችም የውሻን ክትባት ሁለት ቦታ ይከፍሉታል። አንዱ የግድ ነው፤ ሌላው እንደ ሁኔታው የሚጨመር ነው።

ከግዱ ሁሉ የሚቀድመው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ለምን ቢባል፣ በሽታው ከውሻው አልፎ ሰው ይገድላል። በዓለም ላይ በበሽታው ከሚያዙ 100 ሰዎች 99ኙን የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ከብትንም አህያንም በግንም አይምርም።

እኔ ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችንን ልጅ ውሻ ነከሰው። ቅጠል ተደረገለት፤ ቁስሉም ደረቀ። «ዳነ» ተባለ። ሁለት ወር ቆይቶ ውሃ ሲያይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሳምንቱ ቀበርነው። በሽታው እንዲህ ነው። በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይህን ክትባት ይወጋል፤ ከዓመት በኋላም ይደገምለታል። ከዚያ ወዲያ እንደ ክትባቱ ዓይነት ከ1 እስከ 3 ዓመት እየቆየ ይደገማል። ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን ቢያስከትብ አይበቃም። በአካባቢው ካሉት 100 ውሾች ቢያንስ 70ዎቹ ሲከተቡ ነው በሽታው የሚገታው። ጎረቤትም መምከር አለበት።

ዲስተምፐርና ፓርቮ የሚባሉ በሽታዎችም አሉ። ሰው አይዙም፤ ቡችላን ግን ይፈጃሉ። ዲስተምፐር ዓይንና አፍንጫን ያዝረበርባል፣ ኋላም ያንቀጠቅጣል። ፓርቮ ያስመልሳል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ያመጣል። ሐኪሞች የእነዚህንም ክትባት ከግዱ ይቆጥሩታል። በገጠር ካልተገኘ ግን የእብድ ውሻው ክትባት አብሮ አይቅር።

ቀይ ቀበሮ ያለበት አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። በመንዝ ጓሳም በባሌ ተራሮችም ይኖራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮ ጨርሰዋል። የእብድ ውሻው በሽታ የሄደው ከመንደር ውሾች ነበር።

እንደ ሁኔታው ከሚጨመሩት አንዱ የሳል ክትባት ነው። ይህ የሚጠቅመው ብዙ ውሾች አንድ ላይ በሚዘጉበት ቦታ ነው። በሜዳ በግ ለሚጠብቅ ውሻ አያስቸኩልም። ሌላው የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባት ነው። በሽታው በአይጥና በሌሎች እንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፤ ሰውንም ይይዛል። ሐኪሙ «በአካባቢያችሁ አለ» ካለ ይጨመር።

ለአዛውንቱም እንዲህ አልኳቸው፦ «አባባ፣ አቅም ለአንድ መርፌ ብቻ ከሆነ የእብድ ውሻውን ያስወጉ። እሱ ለልጅ ልጆችዎ ነው።»

ክትባት የታመመ ውሻ አያድንም፤ ጤነኛውን ይጠብቃል እንጂ። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠል ፍለጋ ቀን አታሳልፉ።

ውሻው ሲከተብ ወረቀት ጠይቁ። አሁን ፊደል ለይታችኋልና ለሌላ ሰው አትስጡ፤ ራሳችሁ አንብቡት። የክትባቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና የሚደገምበትን ቀን ፈልጉ። የሚደገምበት ቀን ካልተጻፈ፣ ሐኪሙ ሳይሄድ እንዲጽፍላችሁ ንገሩት።